ሃያ ኪሎ ሜትር የሚሰርቀው ጌጅ

ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ተነሳሁ። የሄድኩት አንድ የመኪና ቁልፍ ለመቀበል ነው። አባቴ ድሬ ዳዋ፣ ለገሃሬ ሰፈር፣ ከእኔ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ነጭ ፔጆ አለው። እሱ ራሱ ሰባ አራት ሞልቶታል፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የምድር ባቡር ነጂ ነበር። ባለፉት ሁለት ወራት ትራፊክ ፖሊስ ከፍጥነት በላይ ነዳህ ብሎ ሦስት ጊዜ አስቁሞታል። ሦስቱንም ጊዜ «ጌጁ ሃምሳ ነው የሚለኝ» ብሎ ተሟግቷል። ጌጅ የሚለው የፍጥነት መቁጠሪያውን ነው። በሦስተኛው ጊዜ ሳቢያን አካባቢ ሰው የጫነ ባጃጅ ሊገጭ ለጥቂት ነው የተረፈው።

አዳማ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ይህን ሲሰማ ደወለልኝና «አባዬ ወይ አያይም፣ ወይ ይዋሻል። ሂጂና ቁልፉን ተቀበይው» አለኝ። ራሱ ያልሄደው ከአባቴ ጋር አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ሳይጨቃጨቁ ስለማይነሱ ነው። እኔ ደግሞ በምሠራበት መድኃኒት ቤት የአራት ቀን ፈቃድ ለመንኩ።

ለአባቴ ስደውልለት አልተቆጣም። «ነይ» አለ። «ግን በፍርድ እንሁን፣ ማርታ። ጌጁን አስመርምረን ጥፋቱ የእሱ ከሆነ ቁልፉ እኔ ጋ ይቀራል። የእኔ ከሆነ በእጄ አውጥቼ እሰጥሻለሁ። ትስማሚያለሽ?» ተስማማሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ምክንያቱም ማን እንዲፈረድበት እንደምፈልግ በደንብ አውቀው ነበር።

መንገድ ላይ

ያገኘሁት ወንበር ከሾፌሩ ጀርባ ነበር። ባላገኘው ይሻለኝ ነበር። አዳማን ሳናልፍ ዓይኔ የአውቶቡሱ ጌጅ ላይ ወደቀ፤ መርፌዋ ዜሮ ላይ ተኝታለች። አውቶቡሱ ይበራል፣ እሷ አትነቃነቅም። ወደ መተሐራ ስንቃረብ መታገሥ አቃተኝና ሾፌሩን በምን ያህል ፍጥነት እንደምንሄድ ጠየቅኩት።

«ደህና እየሄድን ነው፣ እህቴ።»

«ጌጁ አይሠራም እኮ። በምን ታውቃለህ?»

«በጆሮዬ» አለ በኩራት። ከኋላ የተቀመጠችው ሴትዮ «አታስደንግጪው፣ ይንዳበት!» ብላ ገሠጸችኝ። አብዛኛው ተሳፋሪ ከእሷ ጋር ሆነ። አርፌ ተቀመጥኩ፣ እግሬ ግን የሌለ ፍሬን እየረገጠ ነው የዋለው።

አዋሽ ላይ በሰማንያ ብር ፍርፍር በላን። ሚኤሶ ስንደርስ ሴቶች በቢጫ ጄሪካን የግመል ወተት ይዘው መስኮቱን ያንኳኩ ነበር። አሰበ ተፈሪ ላይ ምሳ ሲባል ሁሉም ተረጋግቶ ሲበላ እኔ ቆሜ በላሁ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተራራ ለተራራ ይዞራል፤ ማሽላውና ጫቱ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ድረስ ተተክሏል፣ አየሩ ቀዝቅዞ ቁልቢ ላይ ነጠላዬን ደረብኩ። ደንገጎን አልፈን ቁልቁል ስንጀምር ደግሞ ጆሮዬ ተደፈነ፣ በየመታጠፊያው አንድ ልብስ የሚያስወልቅ ሙቀት ከታች ተቀበለን። ድሬ ዳዋ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። እናቴ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ከእሷ ተዝካር ወዲህ ስመጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ባጃጁ ሠላሳ ብር ብሎኝ ሳልከራከር ገባሁ። አባቴ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከስቷል፤ ሸሚዙ ግን እንደ ድሮው ተተኩሶ አንገቱ ድረስ ተቆልፏል። ሳመኝና ሻንጣዬን ሳያስገባ «ተከሳሹን እይው» ብሎ ወደ መኪናው ወሰደኝ።

ዓርብ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

ሙቀቱ ሳይነሳ ለመጨረስ ብለን በጠዋት ወጣን። ፈጢራ በማርና በእንቁላል በላን፤ አባቴ እየቆረሰ ሲያኝክ እኔ ሰዓቴን አየሁ። ወደ ጋራዡ ስንሄድ ነድቶ ሲነሳ አንድ ነገር አስተዋልኩ። መኪናው ተንቀሳቅሶ፣ ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ እንኳ መርፌዋ ዜሮ ላይ ነበረች። ደህና መጓዝ ስንጀምር ከእንቅልፏ እንደ ባነነ ሰው ተነሳች። «ሁልጊዜ እንዲህ ናት?» አልኩት። «ሁልጊዜ። አሮጊት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትነሳው» አለ።

መካኒኩ ፈርሃን ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ቀጭን ሰው ነው፤ በስልክ ኦሮምኛ እያወራ፣ ለጎረቤቱ በሶማልኛ እየመለሰ፣ ለእኛ በአማርኛ ሰላምታ ሰጠን። አባቴን «አንተ» ነው የሚለው፤ ድሬ ላይ ይህ ንቀት አይደለም። ችግሩን ሳንነግረው ጨረሰው።

«ገመዱ ነው፣ ወላሂ። የጌጅ ነገር ከሆነ ገመዱ ነው።»

«ሳታየው?» አልኩ።

«አቦ፣ አንቺ መድኃኒት ቤት ነው አይደል የምትሠሪው? የሚያስል ሰው ሲመጣ ምን እንደሆነ አታውቂም?»

እንደማላውቅ፣ ሐኪም ሊያየው እንደሚገባ ነገርኩት። ሳቀብኝና መኪናው ሥር ገባ። ከካምቢዮው ተነስቶ እስከ ጌጁ የሚሄደውን ቀጭን የብረት ገመድ ፈታው። ጎማው ሲዞር ገመዱ ይዞራል፣ ገመዱ መርፌዋን ያነሳል። አወጣውና በጨርቅ ጠረገው፤ ትንሽ ደርቋል እንጂ አልተበላም። «አያችሁ፣ ደርቋል!» ብሎ ታይዋን ከሚባለው ገበያ ሌላ ሊያመጣ በባጃጅ ሄደ። ታይዋን ከልብስ እስከ ኤሌክትሮኒክስ የማይሸጥበት ነገር የለም፤ የፈርሃን ጓደኛ ደግሞ እዚያ የመኪና ዕቃም ይዟል። አንድ ሰዓት ተኩል ቆየ። እኔ ከጥላ ወደ ጥላ እየተዘዋወርኩ፣ ከዳዊት የሚመጣውን «ምን ደረሰ?» እየመለስኩ ጠበቅኩ። አባቴ ባዶ የዘይት ጄሪካን ላይ ተቀምጦ ከጋራዡ ሰዎች ጋር ስለ ድሮ ባቡር ያወራል።

አዲሱ ገመድ ገባ። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ፈርሃን እጁን እየታጠበ «አሁን ጁምዓ ነው፣ ከዚያ በኋላ የጫት በርጫ ነው፣ ከአሥር ሰዓት በፊት አትፈልጉኝ» አለን። ከጋራዡ ወጥተን ስንነዳ ዓይኔን ከጌጁ አልነቀልኩም። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛ ማርሽ ገባ። መርፌዋ ተኝታለች። ትንሽ ቆይታ፣ ልክ እንደ ጠዋቱ፣ ባነነች።

«ገመዱ አይደለም» አልኩ።

የቀኑ ሙቀት ከተማውን ሁሉ ቤት አስገብቶት ነበር፤ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ስንሻገር አሸዋው ላይ አንድም ሰው አልነበረም። ከሰዓቱን በሙሉ ቬንትሌተር ሥር ተጋድሜ ጣሪያ ሳይ ዋልኩ። አንድ ቀን በከንቱ ሄደብኝ፤ የእሑድ ንጋት ትኬቴ ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ የመልካ ጀብዱ መንገድ

ማታውን ዳዊት ፍጥነት የሚለካ የስልክ መተግበሪያ ልኮልኝ ነበር። ጠዋት ለአባቴ ሳሳየው መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየና «ይሄ የዳዊት ወገን ነው፣ ምስክርነቱን አልቀበልም» አለ። «ሰዓቱን ግን አምነዋለሁ። ሰከንድ ቁጠሪበት።»

ወደ መልካ ጀብዱ የሚወስደው መንገድ ሜዳ ነው፤ ግራና ቀኙ ግራርና አሸዋ፣ አልፎ አልፎ ከመንገዱ የማይወርድ ግመል። ዳር ላይ የኪሎ ሜትር ድንጋዮች አሉ፣ አንዳንዶቹ ወድቀዋል። ሁለት ተከታታይ የቆሙ አገኘን። አባቴ መኪናውን አቁሞ ወደ እኔ ዞረ፤ ድምፁ ተለውጦ ነበር፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ድምፅ ሆነ።

«ባቡር ላይ ጌጅ ሲበላሽ እንዲህ ነበር የምናደርገው። ከድንጋይ እስከ ድንጋይ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። በስልሳ ሰከንድ ከጨረስነው ስልሳ ነን። በአርባ አምስት ከጨረስነው ሰማንያ። እኔ መርፌዋን አርባ ላይ አስሬ እይዛታለሁ፤ አንቺ ድንጋዩ ትይዩ ስንሆን ጀምሪ።»

ወደ ኋላ ርቀን ሄድንና ተመልሰን መጣን። የመጀመሪያው ድንጋይ ሲያልፈኝ የስልኩን ሰዓት ነካሁት፣ ሁለተኛው ሲደርስ አቆምኩት። ስልሳ ሰከንድ። እውነት አርባ ብንሆን ኖሮ ዘጠና ሰከንድ ነበር የሚገባን። ደገምነው፤ ስልሳ አንድ። ቀጥሎ መርፌዋን ስልሳ ላይ ይዞ ሄደ፤ አርባ አምስት ሰከንድ። አንድ ግመል አንገቱን አዙሮ እስክናልፈው ድረስ አየን።

«ሰማንያ ነን» አልኩ። «አባዬ፣ እያወቅክ አልነበረም! እውነትህን ነው!»

«ቆይ፣ አትቸኩይ» አለ፤ ፊቱ ላይ ግን ልጅነቱን አየሁበት። «አርባ ስትል ስልሳ ነን። ስልሳ ስትል ሰማንያ። ሁለቱም ላይ የጎደለው ሃያ ነው። አሁን ቁጥሩን እይው።» ከመርፌዋ በታች ያለውን፣ የተጓዝነውን ኪሎ ሜትር የሚቆጥረውን ቁጥር አሳየኝ። ከድንጋይ ድንጋይ ልክ አንድ ነው የጨመረው። «ገመዱ ወይም የካምቢዮው ጥርስ ወይም ጎማው ቢሆን ኖሮ ይሄም ይሳሳት ነበር። ልክ ነው። ስለዚህ እስከ ጌጁ ድረስ ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው። በሽታው መርፌዋ ላይ ብቻ ነው።»

አቀፍኩት። ያኔ የተሰማኝን ልደብቀው አልችልም፤ ደስታ ብቻ ሳይሆን ኩራት ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ከዳዊት ጋር አእምሮው ደክሟል እያልን በስልክ ስንሾካሾክበት የነበረው ይህ ሰው መሆኑን ሳስብ አፈርኩ። ለዳዊት እዚያው መንገድ ዳር ሆኜ ደወልኩለትና «ጥፋተኛው ጌጁ ነው፣ ቁልፉ ይቀራል» አልኩት። አባቴ ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ «ይግባኝ የለም!» ብሎ ጮኸ።

ቅዳሜ፣ አሥር ሰዓት ተኩል፣ መጋላ

ፈርሃን «ጌጅ መክፈት የእኔ ሥራ አይደለም፣ አው ዩሱፍ ጋ ውሰዱት» ብሎ ጌጁን ፈትቶ በጋዜጣ ጠቀለለልን። አው ዩሱፍ መጋላ ሰፈር ውስጥ ሰዓት የሚሠራ የሐረሪ ሽማግሌ ነው፤ የከተማው የአሮጌ መኪና ጌጆች በሙሉ በእጁ ያልፋሉ። ሱቁ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ናት። ዘግቶ ስለነበር ግማሽ ሰዓት በር ላይ ጠበቅነው፤ እኔ መሄድ መመለስ ያዝኩ፣ አባቴ «ተቀመጪ፣ አዞርሽኝ» አለኝ።

ሽማግሌው ቁልፉን እያንሿሿ መጣ። አባቴን ሲያይ ሳቀ፣ ተቃቀፉ፣ ስለ እናቴ ፈጣሪ ይማራት አለ። ጌጁን ከጋዜጣው አውጥቶ ወደ ብርሃን ያዘው። መርፌዋን በጣቱ ጫፍ ነካ አደረጋት። አልከፈተውም። ቀና ብሎ አባቴን አየው።

«ይሄማ የእኔ እጅ ነው፣ አቦ! አሁን እንድመልሳት ነው የመጣኸው?»

«ምኑን?» አልኩ እኔ።

«ሃያዋን ነዋ!» ወደ እኔ ዞረ፤ ታሪኩን ማውራት ደስ ብሎታል። «እናትሽ አስካለ መኪና ውስጥ ዓይኗ ጌጁ ላይ ነበር። መርፌዋ ሃምሳን ስታልፍ ትጮህበታለች። ደንገጎን ስትወጡ ሁልጊዜ ጠብ ነው። አባትሽ መጣና ‹አው ዩሱፍ፣ ሃያ ቀንስልኝ፣ ሴትዮዋ ትረፍ፣ እኔም ልረፍ› አለኝ። መርፌዋን ነቅዬ ሃያ ወደ ታች አድርጌ ሰካኋት። ለዚህ ነው ሃያ እስክትደርሱ የማትነሳው። ‹አንተ በጭንቅላትህ ሃያ ደምር› አልኩት፤ ‹እደምራለሁ› አለ። ስንት ዓመት ደመርክ፣ አቦ? ሰባት? ስምንት?»

አባቴ ሳቀ። «አዎ፣ አዎ» አለ። «አስካለ… አዎ።» እኔ ግን የእሱን ሳቅ አውቀዋለሁ። ቀልድ ሲገባው ትከሻው ነው ቀድሞ የሚንቀጠቀጠው። ይሄኛው ከሌላ ሰው ሳቅ በኋላ የመጣ፣ አፍ ብቻ የሳቀው ሳቅ ነበር። ዓይኑ ከሽማግሌው ፊት ላይ አንድ ነገር ሲፈልግ አየሁት። አላስታወሰም። ከነጭራሹ።

አው ዩሱፍ መስታወቱን ከፍቶ፣ መርፌዋን ነቅሎ፣ በትንሽ ማንኪያ መሳይ መሣሪያ መልሶ እስኪሰካ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ትንሽ ድሪል ከጌጁ ጀርባ ገመዱ በሚገባበት ቀዳዳ ሰክቶ አዞረው፤ መርፌዋ ወዲያው ተነሳች። እጄ የሚረባ ሥራ ስላልነበረው ጋዜጣውን አጥፌ ዘረጋሁት፣ አጥፌ ዘረጋሁት።

ፈርሃን ጌጁን ቦታው መለሰው፤ አባቴ ነድቶ ወጣ። አሁን መኪናው እንደተንቀሳቀሰ መርፌዋ አብራ ተነሳች። ደቻቱ ድልድይ ከመድረሳችን በፊት ዳር ይዞ አቆመ፣ ወረደ፣ ዞሮ በእኔ በኩል በሩን ከፈተ።

«ንጂ» አለኝ።

«ፍርዱ ተሰጥቷል እኮ፣ አባዬ። ጥፋተኛው ጌጁ ነው።»

«ሃያዋን ማን ቀነሳት?»

«አንተ። ለእማዬ ብለህ።»

«ማን ረሳት?»

ከመንገዱ ማዶ አንድ ሻጭ ማንጎ በውሃ ይረጫል፤ ባጃጆች እየጮሁብን ያልፋሉ።

«ከሱቁ ከወጣን ጀምሮ ያቺን ቀን እየፈለግኳት ነው» አለ። «ሽማግሌው ዋሽቶ አይደለም፣ አውቀዋለሁ። ግን የለችም። ቁጥር ብረሳ ግድ የለኝም፣ ማርታ። ለእሷ ብዬ ያደረግኩትን ነገር እንዴት ነው የረሳሁት?» ድምፁ ተሰበረ። አባቴ በእናቴ ቀብር ላይ እንኳ ፊቴ ያላለቀሰ ሰው ነው። ቁልፉን ከመኪናው ነቀለና መዳፌ ላይ አድርጎ ጣቶቼን ራሱ አጠፈልኝ። «ቃሌን ነው የጠበቅኩት። በእጄ አውጥቼ ነው የሰጠሁሽ፣ ለዳዊት እንዲህ ብለሽ ንገሪው።»

ወንበር ተቀያየርን። እስከ ለገሃሬ ድረስ በሠላሳ ነዳሁ። ከኋላ ያሉት ሁሉ ክላክስ እየነፉ አለፉኝ። አባቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል፣ እኔ መንገዱ እየተድበሰበሰብኝ አሥር ጊዜ ዓይኔን ጠረግኩ።

እሑድ፣ አዲስ አበባ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ። ፔጆው ግቢ ውስጥ ቀረ፤ በባጃጅ ነው የሄድነው። የገዛልኝን ሎሚና ብስኩት በመስኮት አቀብሎኝ፣ አውቶቡሱ እስኪዞር ቆሞ ነበር። በመልሱ መንገድ ላይ ሾፌሩ ስንት እንደሚነዳ አላየሁም። ከአባቴ ኑሮ ስንት ነገር ሳላየው እንዳለፈኝ ነበር የማስበው።

ማምሻውን ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ዳዊት ደወለ። የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። አው ዩሱፍ ያለውን ስነግረው ሳቀ፤ አባዬ እንዳላስታወሰ ስነግረው ሳቁ ተቋረጠ።

ከዚያ «መርሳት የጀመረው መቼ ነው?» አለኝ።

አላውቅም አልኩት። «አንተስ?» ስለው እሱም አያውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለታችንም አጠገቡ ተቀምጠን አናውቅም ነበር፤ የምናውቀው በስልክ የነገረንን ብቻ ነው፣ በስልክ ደግሞ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነው የሚለው። ሁለት ቀን ድሬ ላይ የተንከራተትኩት በሽታው ገመዱ ላይ ነው ወይስ መርፌዋ ላይ ለማወቅ ነው፤ የአባቴን ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

«ነገ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አስያዥለት» አለ ዳዊት። «እኔ ሄጄ አመጣዋለሁ።»

«ትጨቃጨቃላችሁ እኮ።»

«እንጨቃጨቅ» አለ። እሱም እያለቀሰ ነበር።